«ነገ ይጨምራል» እየተባለ የሚገዛው፦ ደመወዝ ወር ሳይሞላው የሚያልቅበት መንገድና መላው

ደመወዝ መግባቱን የሚነግረው አጭር መልእክት ስልክ ላይ ሲደርስ፣ ብሩ የሚወጣበት በርም እዚያው ስልክ ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ደመወዝተኛ ባንክ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከከተተ በኋላ ነበር ገበያ የሚወጣው። ዛሬ በቴሌግራም ያየውን ጫማ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ጥቂት ቁጥሮችን ተጭኖ ይከፍላል፤ ጫማው በሞተር ሳይክል ቤቱ ድረስ ይመጣል። ዕቃውን በማየትና ብሩን በመክፈል መካከል የነበረው ጊዜ፣ ማለትም መንገዱ፣ ሰልፉና ቆጠራው ጠፍቷል። ያ ጊዜ አሰልቺ ቢሆንም አንድ ትልቅ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ሰው ሐሳቡን የሚለውጠው በዚያ መሐል ነበር።

ስለ ስሜት ግዢ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ራስህን ግዛ» የሚል ነው። ምክሩ ክፉ ባይሆንም ሰውን ብዙ አያራምድም። ራስን መግዛት ሲደክሙ፣ ሲያዝኑ ወይም ሲርባቸው የሚላላ ነገር ነው፤ በስሜት የሚገዛውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ ሰዓታት ነው። ይልቅ የሚያዋጣው የጠፋውን ጊዜ አስቦበት መመለስ ነው፤ በማየትና በመክፈል መካከል አንድ ሌሊት፣ አንድ ሳምንት ወይም አንድ ጉዞ ማስገባት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ፤ ባንኮችም የየራሳቸውን መተግበሪያ አስፋፉ። ለመብራትና ለውኃ ክፍያ የሚባክነው ግማሽ ቀን በዚህ ተርፏል፤ ገጠር ላሉ ወላጆች ብር መላክም የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ነገር ግን ክፍያ ሲቀል የታሰበበትም ያልታሰበበትም እኩል ይቀላል። በእጅ የማይዳሰስ ገንዘብ ሲወጣ አይሰማም የሚለው ደግሞ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ድራዘን ፕሬሌክና ደንከን ሲመስተር የተባሉ የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት ለጨረታ ቀርቦ ከፊሎቹ ተጫራቾች በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሎቹ በክሬዲት ካርድ እንደሚከፍሉ ተነግሯቸው ነበር። በካርድ የሚከፍሉት ለዚያው ትኬት ያቀረቡት ዋጋ የሌሎቹን እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ትኬቱም ጨዋታውም አንድ ነው፤ የተለየው የሚከፈልበት መንገድ ብቻ ነው።

ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ግዢው ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም

በእኛ አገር የስሜት ግዢ ብዙ ጊዜ የብልህነትን ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ተሻገረ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ለቁጠባ የወሰነው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነበር። ይህን ያየ ሰው «ብር ይዤ ከምቀመጥ ዕቃ ልያዝ» ቢል አይፈረድበትም። ስሌቱ ለጤፍ ይሠራል፤ ለሦስተኛ ጥንድ ጫማ ግን አይሠራም። ሻጭም ይህን ፍርሃት ስለሚያውቀው «ይሄ በድሮው ዋጋ ነው፤ አዲሱ ሲገባ በዚህ አታገኙትም» ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ ጥያቄው ግን ዋጋው ይጨምራል ወይስ አይጨምርም አይደለም።

ጥያቄው ሌላ ነው፦ ዋጋው ባይጨምር ኖሮ ይህን ዕቃ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት እገዛው ነበር? መልሱ «አይ» ከሆነ የዋጋው መጨመር አይመለከተኝም። ለምሳሌ 4,000 ብር የሚያወጣ የጆሮ ማዳመጫ በየወሩ 2 በመቶ ቢጨምር ከስድስት ወር በኋላ 4,500 ብር አካባቢ ይደርሳል። ዛሬ በመግዛት የሚተርፈው 500 ብር ነው። ማዳመጫው መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ግን የጠፋው 4,000 ብር ነው። 500 ለማትረፍ 4,000 ማስያዝ ማለት ነው።

ቀድሞ መግዛት የሚያዋጣው መጠኑ ለሚታወቅ፣ ለማይበላሽና ያለ ጥርጥር ለሚያልቅ ነገር ነው። በወር 25 ኪሎ ጤፍ የሚፈጅ ቤት አንድ ኩንታል ቢገዛ የአራት ወር ቀለቡን ያዘ ማለት ነው፤ ጤፍ ደግሞ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። ሽምብራና ባቄላ ግን ይነቅዛሉ፤ በደንብ ያልደረቀ በርበሬም ይሻግታል። ስለዚህ ለእነዚህ የስድስት ወር ክምችት ቁጠባ መስሎ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ዘይትና ስኳር ሌላ ጣጣ አላቸው፦ ቤት ውስጥ ሲበዙ አጠቃቀሙም አብሮ ይበዛል። አምስት ሊትር ዘይት ሲገዛ ወር ይዘልቅ የነበረ ቤት ሃያ ሊትር ሲያስገባ አራት ወር ላይደርስ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ትልቁን ጀሪካን ዕቃ ቤት ዘግቶ፣ ለወጥ ቤት የወሩን መጠን ብቻ ቀንሶ ማውጣት።

ሌላው መለኪያ የሚከፈልበት ብር ነው። ቀድሞ የሚገዛው በትርፍ ብር እንጂ በቤት ኪራይ ብር መሆን የለበትም። በኪራዩ ብር ጤፍ የገዛ ሰው ኪራዩን በብድር ሊከፍል ነው፤ የብድሩ ክፍያ ከጤፉ የተረፈውን ይበላዋል።

ሠላሳ ቀን ወደ ኋላ

ልማዱን ለማወቅ አዲስ ደብተር መጀመር አያስፈልግም፤ መዝገቡ ተጽፎ ተቀምጧል። ቴሌብር ከ127 የሚልካቸው መልእክቶችና የባንኩ መልእክቶች ቀን፣ ሰዓትና መጠን ይዘዋል። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ያለፉትን 30 ቀናት ከላይ እስከ ታች ያንብቡና እያንዳንዱን ወጪ በወረቀት ላይ በአንድ ፊደል ምልክት ያድርጉበት፦ በእቅድ ለወጣ «እ»፣ በድንገት ለወጣ «ድ»፣ ሰው ፊት ላለማፈር ለወጣ «ሰ»። በጥሬ ብር የወጣው በመልእክት ስለማይታይ፣ ከኤቲኤም ከወጣው ላይ የሚታወሰውን ቀንሶ የቀረውን «የት እንደገባ የማይታወቅ» ብሎ መጻፍ ነው። ይህ ቁጥር ትልቅ ሆኖ ቢገኝ አይደንግጡ፤ ጠቃሚው መረጃ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያልታቀደውን ሁሉ ጥፋት አድርጎ በመቁጠር ነው። ሆኪንስ ስተርን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1962 ያልታቀደ ግዢን በአራት ከፍሎት ነበር፤ ከአራቱ አንዱ ዕቃውን ሲያዩ ቤት ማለቁን አስታውሶ መግዛት ነው። ሱቅ ገብቶ ጨው ማለቁን ማስታወስ የስሜት ግዢ አይደለም። ሌላው ደግሞ «ዛሬ እሁድ ገበያ ሄጄ የረከሰውን አትክልት እገዛለሁ» ብሎ መውጣት ነው፤ ዕቃው አልተመረጠም እንጂ ሐሳቡ ታቅዷል። ፍለጋው «ድ» ከሆኑት ውስጥ ያለፈ ሳምንት ያላሰቡትን፣ አሁን ደግሞ የማይጠቀሙበትን መለየት ነው።

ምልክቱ ከተደረገ በኋላ መጠኑን ትቶ ሰዓቱን መመልከት ይበልጥ ይጠቅማል። ብዙውን ጊዜ «ድ» የሚከማቸው በጥቂት ቦታ ነው። ደመወዝ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቲክቶክና ቴሌግራም ሲታይ፤ ምሳ ሳይበሉ ሱፐርማርኬት ሲገቡ፤ ከሥራ ቦታ ንትርክ በኋላ። ኀዘንና ግዢ እንደሚገናኙ በጥናትም ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የእነ ሲንቲያ ክራይደር ሙከራ፣ አሳዛኝ ፊልም ያዩ ሰዎች ለአንድ የውኃ መያዣ ለመክፈል የፈቀዱት ካላዩት ይበልጥ ነበር፤ ፊልሙ ተጽእኖ እንዳደረገባቸው ግን አያምኑም ነበር። የገዛ ስሜታችን ሲገፋን አለማወቃችን ነው መዝገቡን አስፈላጊ የሚያደርገው። ሰው «እኔ የምገዛው ሲያስፈልገኝ ብቻ ነው» ብሎ ከልቡ ያምናል፤ የመልእክቶቹ ሰዓት ግን ሌላ ይናገራል።

ሁለት ኪስ

ደመወዝ የሚገባበትና የሚወጣበት ሒሳብ አንድ ከሆነ ሰው የሚያየው አንድ ትልቅ ቁጥር ነው። 18,000 ብር ያየ ዓይን 1,200 ብር ለሚያወጣ ሸሚዝ አይሳሳም። ነገር ግን 18,000 የሚባል ነጻ ብር የለም። በምሳሌ እንየው፦ ቤት ኪራይ 6,500፣ እቁብ 2,000፣ እድር 150፣ አስቤዛ 4,500፣ ትራንስፖርት 1,600፣ መብራት፣ ውኃና ስልክ 750። ድምሩ 15,500 ነው። የቀረው 2,500 ነው። ከዚህ 700 ለመስከረም ወጪ፣ 200 ለለቅሶና ለሰርግ ቢቀመጥ 1,600 ይቀራል፤ በሳምንት 400 ብር ማለት ነው። ሸሚዙ የሦስት ሳምንት ነጻ ብር ነው። ይህ ቁጥር ሳይታወቅ ሸሚዙ ውድ ይሁን ርካሽ ማወቅ አይቻልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደመወዝ በገባ ቀን፣ ሌላ አንድም ነገር ሳይገዛ፣ ኪራይ፣ እቁብና እድር ይከፈላሉ። የአስቤዛው ይለያል። ለመስከረሙ የሚቀመጠው በስልክ ወደማይነካ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ይዛወራል፤ ባንኮች በየወሩ በቋሚ ትእዛዝ ያዛውራሉና ቅርንጫፍ ሄዶ አንዴ መፈረም ይበቃል። ቴሌብር ውስጥ በየሰኞው 400 ብር ብቻ ይገባል። ደመወዙ የሚገባበት ባንክ መተግበሪያ ከዕለት ስልክ ቢጠፋ ደግ ነው፤ ባልና ሚስት ከሆኑ በአንደኛቸው ስልክ ብቻ መኖሩ ይበቃል። በጣት አሻራ መክፈልን ማጥፋትም ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ቁጥር ለማስገባት የሚወስደው ጥቂት ሰከንድ «ቆይ» ለማለት ይበቃል።

ይህ አሠራር የሚፈርሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የሳምንቱን ብር ዜሮ ማድረግ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ አንድም ማኪያቶ የለም» ያለ ሰው በአሥረኛው ቀን አንድ ሲጠጣ «ካበላሸሁት ላበላሸው» ብሎ የወሩን ይጨርሰዋል። ትንሽም ቢሆን የማይጠየቁበት ብር መኖር አለበት። ሁለተኛው ብድር ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን ጀምሯል። እንደኪሴ ሒሳብ ውስጥ ያለው ብር ለክፍያው ሳይበቃ ሲቀር የጎደለውን ይሞላል። ልጅ ታሞ መድኃኒት ለሚገዛ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ለስሜት ግዢ ግን የመጨረሻውን አጥር ያነሣል፤ «ብር የለም» የሚለው መልስ ራሱ ይቀራል። ማንኛውም የአጭር ጊዜ ብድር ሲወሰድ የሚከፈለውን ወደ ዓመት ቀይሮ ማየት ይገባል፦ ለ100 ብር በወር 5 ብር ቢከፈል በዓመት 60 በመቶ ነው። የሰፈር ሱቅ ዱቤም በዚሁ መንፈስ ይታይ። ዱቤ ወለድ የለውም፤ ነገር ግን ደብተር ላይ የሚጻፍ ብስኩትና ለስላሳ ዋጋው የሚጠየቀው ወር ሲያልቅ ነው። ዱቤን ለዳቦ፣ ለዘይትና ለሳሙና ብቻ ብሎ ከባለሱቁ ጋር መስማማት ይቻላል፤ ልጆች ሲላኩም ባለሱቁ ያንኑ ይጠብቃል።

ስንት ቀን መቆየት?

«24 ሰዓት ቆይ» የሚለው ምክር ለሁሉም ዋጋ አንድ ዓይነት መሆኑ ድክመቱ ነው። መቆያው ከደመወዝ ጋር ቢመጣጠን ይሻላል። በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 18,000 ብር ለ208 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 86 ብር ተኩል፣ በቀን 690 ብር አካባቢ ይሆናል። ከአንድ ቀን ደመወዝ በታች ለሆነ ዕቃ እስከ ነገ መቆየት ይበቃል። እስከ ሳምንት ደመወዝ፣ ማለትም እስከ 4,150 ብር ለሚደርስ፣ ሰባት ቀን። ከዚያ በላይ ለሆነ እስከሚቀጥለው ደመወዝ። 3,500 ብር የሚያወጣ ጫማ ከ40 ሰዓት በላይ ሥራ ነው፤ በዚህ ዓይን ሲታይም የሚገባው ጫማ ይኖራል፤ ያኔ ያለ ጸጸት ይገዛል።

የመቆያ ዝርዝር ሲጻፍ የዕቃው ስም ብቻ ከተጻፈ በሰባተኛው ቀን የግዢ ዝርዝር ይሆናል። ከስሙ ጎን ዋጋው፣ ያዩበት ቀንና ቤት ውስጥ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ዕቃ ይጻፍ። ቀኑ ሲደርስ ወዲያው ከመክፈል ዋጋውን ሌላ ሁለት ቦታ መጠየቅ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ሱቅ የሚጠራውን ዋጋ መርካቶ ላይ ሳያጣሩ መክፈል በራሱ የስሜት ምልክት ነው። በቴሌግራም የሚሸጡት ደግሞ «አንድ ፍሬ ቀረ» እያሉ ቀብድ ይጠይቃሉ። ቀብድ መቆያውን ለመስበር የሚያገለግል ዋና መሣሪያ ነው፤ 300 ብር የከፈለ ሰው እሱን ላለማጣት ሲል 2,700 ይጨምራል። ለማያውቁት ሻጭ፣ ዕቃውን በዓይን ሳያዩ፣ ቀብድ አለመላክ ጥሩ ደንብ ነው። የሽያጭ ቻናሎችን ድምፃቸውን ማጥፋት ግን በቂ አይደለም፤ ምሽት ላይ ተከፍተው ይታያሉ። ወጥቶ፣ ዕቃው በተፈለገ ቀን ስሙን ፈልጎ መግባት ይሻላል።

መቆየት በእኛ ገበያ ከሌላው አገር ይበልጥ ያስፈልጋል። ደረሰኙ ግርጌ ወይም ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተጽፏል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሚኖር ወገናችን በኢንተርኔት የገዛውን አብዛኛውን ዕቃ ያለምንም ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት አለው፤ እሱ ከገዛ በኋላም ሊያስብ ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ግን ማሰቢያው ከመክፈሉ በፊት ያለው ጊዜ ብቻ ነው።

«ሰ» የሚለው ምልክት

በብዙ ሰው ዝርዝር ውስጥ «ሰ» ከ«ድ» ሊበልጥ ይችላል። ይሉኝታ ብዙ ያስከፍላል፤ ካፌ ውስጥ ሒሳብ ለመክፈል መሻማት፣ የሥራ ባልደረባ ሲያገባ ከአቅም በላይ ማዋጣት፣ ሻጭ አሥር ጫማ አውርዶ ካሳየ በኋላ ባዶ እጅ መውጣት መክበድ። ስለዚህኛው ሕግ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች የዕቃውን ጥራት ወይም ዓይነት ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ደንግጓል። መርካቶ ውስጥ ግን ከአዋጁ ቁጥር ይልቅ «ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» የሚለው ቃል ይሠራል። ሻጩ ለምዶታል፤ አይከፋውም። ገና ሲገቡ «ዛሬ ዋጋ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» ማለት ደግሞ ሁለቱንም ያሳርፋል።

ካፌው ላይ ከባዱ ነገር ሒሳቡ ሲመጣ መናገር ነው፤ ያኔ ማንኛውም ቃል ስስት ይመስላል። ሲቀጣጠሩ «ሐሙስ ተራው የእኔ ነው» ማለት ግን ማንንም አያስከፋም። ሬስቶራንት ሲሆን የዝርዝሩ ዋጋ ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ያልጨመረ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ነው። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመር 26 በመቶ ተኩል ነው፤ 600 ብር የመሰለው ምሳ 759 ብር ይሆናል። ሦስት ሰው የጋበዘ 477 ብር ያላሰበውን ከፈለ።

እቁብ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ከስሜት ግዢ የሚጠብቅ ከአያቶች የተወረሰ ብልሃት ነው። ብሩ ለሰው ስለሚሰጥ አይነካም፤ ማፈር ስላለ ክፍያው አይዘለልም። አደጋው ያለው ዕጣው በወጣ ቀን ነው። ሃያ ሰው በወር 3,000 ብር የሚጥልበት እቁብ 60,000 ብር ነው። በሦስተኛው ወር የደረሰው ሰው እስካሁን የጣለው 9,000 ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው 51,000 ብር በሚቀጥሉት 17 ወራት የሚከፍለው ዕዳ ነው። ነገር ግን ብሩ በአንድ ጊዜ ሲገባ የሚሰማው ሎተሪ እንደወጣለት ነው፤ ስልክ ይቀየራል፣ ሶፋ ይቀየራል። በመጨረሻ የሚደርሰው ሰው ግን የራሱን ቁጠባ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ የብሩ ሥራ ከዕጣው በፊት ይወሰን፤ ለምን እንደሆነ ለእቁቡ ዳኛና ለቤተሰብ ይነገር፤ ዕጣው ሲወጣም በጥሬ ብር ሳይሆን በባንክ ይግባ። ያለ ሥራ የደረሰ ከሆነ፣ ብር ከሚያስፈልገው አባል ጋር ተራ መለዋወጥ ይቻላል። ከውጭ የሚላክ ገንዘብም ያው ነው፦ ላኪው «ለምን እንደሆነ» ካልተናገረ፣ ተቀባዩም ካልጠየቀ፣ በመጣበት ሳምንት ይበተናል።

ከልማድ ሲያልፍ

የገዙትን ዕቃ ከቤተሰብ የሚደብቁ፣ ለመግዛት ሲሉ የሚበደሩ፣ የገዙትን ከነማሸጊያው የሚከምሩ፣ ለማቆም ሞክረው ደጋግመው ያልቻሉ ሰዎች አሉ። ይህ ከላይ በተባሉት ዘዴዎች ብቻ አይፈታም። ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን ከመቶ ዓመት በፊት በሕክምና መጽሐፉ የመዘገበው ችግር ነው። በተለይ ቀድሞ ቁጥብ የነበረ ሰው በድንገት ገንዘቡን መበተን ከጀመረ፣ እንቅልፉ ቀንሶ ግን ካልደከመው፣ ንግግሩም ከፈጠነ፣ የባሕርይ ሳይሆን የባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት) ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲህ ያለ የመግዛት ግፊት ሊያመጡ ይችላሉ፤ መድኃኒቱን ራስ ከማቆም ያዘዘውን ሐኪም መጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ የሥነ አእምሮ ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ። ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው ከስድብ ይልቅ አብሮ መሄድ፣ እስኪሻልም ድረስ ሒሳቡን በሁለት ፊርማ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

በዓልና መስከረም

በዓል ስንት ቀን እንደቀረው ሁሉም ያውቃል፤ የዋዜማ ግዢ ግን በየዓመቱ ድንገተኛ ይመስላል። በዋዜማ የሚገዛ ሰው ጊዜ የለውም፤ ጊዜ የሌለው ዋጋ አይጠይቅም። የፋሲካን ቅቤ 55ቱ የጾም ቀናት ሳያልቁ፣ ፈላጊው ሳይበዛ ገዝቶ ማንጠር፣ ሽንኩርቱንም ከሳምንት በፊት ማስገባት ይቻላል። ለዋዜማ የሚቀረው ዶሮና እንቁላል ብቻ ቢሆን የሚያጣድፈው ዝርዝር አጭር ይሆናል።

መስከረም ደግሞ ለብቻው ይታሰብ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚከፈለው ሠራተኛ ጳጉሜን ደመወዝ የላትም። የነሐሴው ብር አምስት ወይም ስድስት ተጨማሪ ቀን መዝለቅ አለበት፤ በዚያው ላይ እንቁጣጣሽ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባና ደብተር፣ መስከረም 17 ደግሞ መስቀል ይመጣል። ከላይ ባየነው ምሳሌ በየወሩ የተለየው 700 ብር ከጥቅምት እስከ ነሐሴ በ11 ወር 7,700 ብር ይሆናል። ይህ ብር የሚወጣበት ዝርዝር በሐምሌ ይጻፍ፤ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ሰው ሳይጋፋ ይገዛ። ያለፈውን ዓመት ደብተር ያልተጻፈባቸውን ገጾች ቆጥሮ፣ የደንብ ልብሱን ልጁ ላይ ለክቶ ከቤት መውጣት ነው። ጫፉ ተፈትቶ የሚረዝም ሱሪ ከሆነ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ያደርሰዋል።